ጋዜጣ የለበሰው የማር ጠርሙስ

ከልጅዎ ከመኪያ፤ ለማከብርዎና ለምሳሳልዎ አባቴ ይድረስ።

አሰላሙ ዐለይኩም አባዬ። እንዴት ከርመዋል? ወገብዎስ? ከስፌት መኪናው ሲነሱ አሁንም ግድግዳ ይደገፋሉ ወይስ ሻል ብሎዎታል? ክር የሚያስገባልዎት ማነው፣ ሳና ናት? የእማዬ ጉልበትስ ብርዱን እንዴት ቻለው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ወፍሬአለሁም፤ እማዬ ደስ ይበላት።

ይህን በስልክ ልነግርዎ ሦስት ጊዜ ደውዬ፣ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ዝናብ አውርቼ ዘጋሁት። መጻፉ ይሻለኛል።

አትላስ አካባቢ ባለው የማስታወቂያ ድርጅት የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ወይዘሮ ሃረገወይን የሚባሉ፣ ሳሊተ ምሕረት ሱቅ ያላቸው ማር ነጋዴ መጡ። ለባዛር የሚሰቀል ትልቅ ባነር ፈለጉ፤ መሀሉ ላይ የማር ጠርሙሳቸው ከነአዲሱ ስቲከር እንዲታይ። ስቲከሩ ግን ገና አልታተመም፤ ኮምፒውተር ውስጥ ያለ ጠፍጣፋ ሥዕል ነው። የኔ ሥራ ፎቶሾፕ በሚባለው ፕሮግራም ሥዕሉን ፎቶው ላይ ላለው ክብ ጠርሙስ ማልበስ ነበር።

ቀላል መስሎኝ ቀጥ አድርጌ ለጠፍሁት፤ ካርቶን ላይ የተለጠፈ መሰለ። ከዚያ የላዩን ጠርዝ ወደ ላይ፣ የታቹን ወደ ታች አጎበጥሁት። ወይዘሮ ሃረገወይን አይተው፣ ልጄ፣ የጠርሙሴን ሆድ ነፋሽው እኮ አሉ። አለቃዬ ይትባረክ አልሳቀም። እስከ ዓርብ ካላስተካከልሽው በቦታሽ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ አለኝ።

ሐሙስ ምሳ ሰዓት ሁሉም ሲወጡ ጠርሙሱ ላይ አፍጥጬ ቀረሁ። ያኔ እርስዎ ልብስ የሚሰፉላቸው የባጃጅ ወንበሮች ትዝ አሉኝ። ባለመስመር ሸራ ሲመጣልዎ፣ መቀስ ከማንሳትዎ በፊት አሮጌ ጋዜጣ መደገፊያው ላይ ጠምጥመው እኔን ጠመኔ ያስይዙኝ ነበር። መስመሩን ቀጥ ላደርግ ስታገል፣ ተይው፣ ወንበሩ የጎበጠበትን ተከተይ ይሉኛል። ጓደኞቼ ውጭ ሲጫወቱ ጠመኔ ይዤ ስቀር ስንት ጊዜ አኩርፌብዎታለሁ!

ጋዜጣ ፈልጌ ለፎቶው የመጣው እውነተኛው ጠርሙስ ላይ ጠቀለልሁ፤ በእስክሪብቶ ቁልቁልም አግድምም አሰመርሁበት። ካሜራው በነበረበት፣ ከጠርሙሱ ከፍ ባለ ቦታ ሆኜ ሳየው የላዩም የታቹም መስመር መሀሉ ላይ ወደ ታች ረገብ ብሏል፤ ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ። ዳርና ዳሩ ላይ ደግሞ የቁልቁል መስመሮቹ ክፍተት እየጠበበ ይሄዳል። እኔ ግን የሴትየዋ ስም በደንብ ይነበብ ብዬ ፊደሎቹን ሁሉ እኩል አስፍቼ ፊት ለፊት ደርድሬአቸው ነበር።

ስክሪኑ ላይ ጋዜጣው እንዳሳየኝ አደረግሁ። ዳር ያሉት ፊደሎች ጠበቡ፤ የመጨረሻው ግማሹ ወደ ኋላ ዞሮ ጠፋ። ይጥፋ ብዬ እንዳለ ተውሁት። ዓርብ ጠዋት ወይዘሮ ሃረገወይን ሲያዩት፣ ጠርሙሱን ሊያዞሩት ይመስል ጣታቸውን ወደ ስክሪኑ ሰደዱ። አባዬ፣ ደስታዬን ምን ብዬ ልንገርዎ! እንባዬ ሁሉ መጣ።

ያን ቀን ግን በደልሁዎ። ይትባረክ ይህን ማን አስተማረሽ ሲለኝ ኢንተርኔት ላይ አይቼ ነው አልሁት። እዚህ የብዙዎቹ አባት መሐንዲስ ወይም የባንክ ሰው ነው፤ የባጃጅ ወንበር ልብስ ሰፊ ልጅ ነኝ ለማለት አፈርሁ።

ሰኞ የቋሚ ሠራተኛ ውል ሰጠኝ። ስም ከነአባት ይላል። መኪያ ብዬ ጻፍሁ፤ የእርስዎን ስም፣ ሚስባህን ልጽፍ ስል ኢንተርኔት ያልሁት ትዝ አለኝ። እስክሪብቶውን አስቀምጬ ሁሉም ባሉበት እውነቱን ተናገርሁ፤ ስለ ኮምቦልቻው ሱቅዎ፣ ስለ ጋዜጣው፣ ስለ ጠመኔው። ይትባረክ እስቲ አሳዪን አለኝ። አሁን ክብ ዕቃ በመጣ ቁጥር ሁሉም ጋዜጣ ይጠቀልላል። ሉሊት የምትባለው ባልደረባዬ ትናንት አንድ የሻይ ስኒና ጋዜጣ ይዛ፣ ቆይ፣ መጀመሪያ በሚስባህ ልየው ስትል ሰማኋት።

እማዬን ሁለቱን ጉልበቶቿን ሳሙልኝ። ሳናን አንገቷን አቅፋችሁ ሳሙልኝ፤ ለፈተናዋ አላህ ያግዛት። ኢክሪማን፣ እህትህን ናፍቀሃታል በሉልኝ። ጎረቤታችንን አብዱልገኒንም ከነቤተሰቡ ሰላም በሉልኝ። እርስዎን ግን አባዬ፣ እጅዎን እስማለሁ፤ አንዲት ዓርብ ስላፈርሁብዎ አውፍ ይበሉኝ።

ልጅዎ መኪያ ሚስባህ
ቦሌ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.