አሥራ ሦስተኛው አንጓ

መጋቢት 14 ቀን 1956

ጠዋት ሐኪም ቤት ቁስል ማጠብ። ከሰዓት የሕክምና ትምህርት። የጎባ ብርድ ዛሬስ አይጣል ነው፤ እርሳስ መያዝ አቅቶኝ ነበር።

አስተማሪያችን አቶ ኃይለየሱስ የሰኔው ፈተና የሚበዛው ከጀርባ አጥንት ነው አሉን። ከአምስታችን አንድ ተማሪ ብቻ ለተጨማሪ ትምህርት አዲስ አበባ ይላካል። ከጀርባ! ጉድ ፈላ። የጀርባው ትምህርት ዕለት የት ነበርኩ? አውሮፕላን ሜዳ፣ ፀሐይን ስሸኝ። አክስቴ ሞታለች ብዬ ነው ፈቃድ የጠየቅሁት። አክስቴ እንኳን ልትሞት፣ ሲናና ላይ ገብሷን ታሳጭድ ነበር።

ፀሐይ በጥቅምት ነርስ ልትማር አዲስ አበባ ሄደች። አውሮፕላኑ ደረጃ ላይ ዞር ብላ... "ሰኔን አልፈህ ና። አባቴን አንድ ዓመት አስታግሰዋለሁ።" ከዚያ በኋላ ለግምጃ ቤቱ ጸሐፊ ሊድሯት ነው። አንድ ዓመት።

ናፈቀችኝ። ሌላ ምን ልጻፍ?

መጋቢት 22

አብሮኝ የሚማረውን የሮቤውን አሊዪን ጠየቅሁት። "የደረት አሥራ ሁለት አንጓ፣ የወገብ አምስት" አለኝ። ጅማቶቹስ? ጡንቻዎቹስ? "ሥዕሉን ካላየህ አይገባህም።" ሥዕሉ ያለው ባለን አንድ መጽሐፍ ላይ ብቻ ነው። መጽሐፉ በአቶ ኃይለየሱስ ሳጥን ውስጥ ተቆልፏል። አሳዩኝ ብል "ያን ዕለት የት ነበርክ?" ሊሉኝ አይደል? ይቅርብኝ።

ሚያዝያ 6

ማክሰኞ። የአዲስ አበባው አውሮፕላን መጣ፣ ሄደ። እኔን ምን አገባኝ? ግን ወጥቼ አየሁት።

ሚያዝያ 26

ፋሲካ አለፈ። እማዬ እስካሁን አኩርፋኛለች።

በሬው ታርዶ መደብ ሲመደብ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። "አከርካሪውን አትከርክሙት፣ ሙሉውን ለእኔ ስጡኝ" አልኩ። ቅርጫው በሙሉ ሣቀብኝ። ቢላዋ የያዙት ጋሽ ብዙነህ፣ "የአጥንቱን ድርሻችንን የት ልትወስደው ነው?" አሉ። ሽንጤን ለቀቅሁላቸው። አዎ፣ ሽንጤን! ሁለት ወር ሙሉ ጾሜ።

እማዬ አጥንቱን ስታይ፦ "ምነው ልጄ፣ ምን አዞረብህ? ሰው ሽንጥ ሰጥቶ አጥንት ይዞ ይገባል?"

"ለትምህርት ነው።"

"እኔስ የፀሐይ ነገር መስሎኝ።" ወይ እማዬ... ምን ይሸሸጋታል።

ግን ምን ያህል ነገር አየሁ! ከፊት፣ አንጓዎቹን ከላይ እስከ ታች የሚያስር ረጅም ጅማት። ከኋላቸው፣ ህብለ ሰረሰሩ በሚያልፍበት ቦይ ውስጥ ሌላ ረጅም ጅማት። ወደ ጀርባ የወጡትን ሹል አጥንቶች እርስ በርስ የሚያያይዙ አጫጭር ጅማቶች። አንጓና አንጓ መሐል ደግሞ ቢጫ ጅማት፤ ስትስበው ይለጠጣል፣ ስትለቀው ይመለሳል። ቅርጫው ላይ ጋሽ ብዙነህ እየገፈፉ ሥጋውን አሳይተውኛል። ሽንጡ በአከርካሪው ግራና ቀኝ ተኝቷል፤ እኛንም ቀጥ አድርጎ የሚያቆመን እሱ ነው። ጭቅናው በውስጥ በኩል ነው። እኛ ጭናችንን የምናነሳው በእሱ ነው።

ቢጫውን ጅማት ስስበው ስለቀው አመሸሁ። እሱ እንኳን ይመለሳል። እኔ ከጥቅምት ጀምሮ እንደተለጠጥኩ ነኝ።

ደግሞ ቆጠርኩት። ጎድን የያዙት አንጓዎች አሥራ ሦስት። የወገብ ስድስት። አሊዪ ተሳስቷል!

ግንቦት 4

ከአሊዪ ጋር ተጨቃጨቅን።

"አካም ቡልቴ?" ብሎ ሰላም እያለኝ ገባ፤ ገና ሳይቀመጥ አጥንቱን አወጣሁለት። አልነካም አለ። "ሥጋችሁን አልበላ፣ አጥንታችሁ ምን ይሠራልኛል?" በደረቴ አስተኝቶ ጀርባዬን በአውራ ጣቱ ቆጠረ። "ወላሂ አሥራ ሁለት ነው!"

"በሸሚዝ ላይ ምን ይቆጠራል? እኔ በዓይኔ ነው ያየሁት።"

"የበሬ ነዋ ያየኸው!"

"አጥንት አጥንት ነው። እግዜር አንዴ የሠራውን ለምን ይለውጣል?"

"ተው ደምመላሽ፣ አቶ ኃይለየሱስን ጠይቅ።" እንዴት ልጠይቅ? ስለ አክስቴ ሊጠይቁኝ!

ሲሄድ ተቆጥቶ ነበር። ይቆጣ።

ሰኔ 9

ፈተና። የተፈተንነው በቃል ነው።

ፈታኙ ከአዲስ አበባ የመጡ ሽማግሌ ሐኪም ናቸው። ጅማቶቹን ንገረኝ አሉኝ። አንድ በአንድ ዘረገፍኩላቸው። ጡንቻዎቹን? እነሱንም። ራሳቸውን እየነቀነቁ "ጎበዝ፣ ጎበዝ" ይላሉ። አቶ ኃይለየሱስ ፊታቸው በራ። እኔ በልቤ አዲስ አበባ ገብቻለሁ፤ ፀሐይ ትምህርት ቤት በር ላይ ቆሜ...

"የደረት አንጓዎች ስንት ናቸው?"

"አሥራ ሦስት።"

"የወገብስ?"

"ስድስት።"

መነጽራቸውን አወለቁ። "ልጄ፣ ይኸ ያየኸው ሰውዬ ቀንድም ነበረው?"

ክፍሉ በሣቅ ፈረሰ። ያልሣቀ አሊዪ ብቻ ነው።

ሰኔ 10

አሊዪ አለፈ። እኔ እስከ ከርሞ ሰኔ ልጠብቅ።

ሰኔ 13

አጥንቱን ለውሻ አወጣሁት። አሽትቶ ትቶት ሄደ። እሱም ናቀኝ።

ዓመቱ በጥቅምት ያልቃል። አባቷ ቃላቸውን አያጥፉም፤ ይድሯታል። ያን ቀን ሰው ሲጨፍር እኔ የት ልግባ? አልጋዬ ላይ ተንጋልዬ አለቀስኩ። እማዬ ሰማችኝ። ሽንጥ የሚባል ነገር ግን ዛሬ አላነሳችብኝም።

ጳጉሜን 2

አሊዪ ሊሰናበተኝ መጣ። ቀናሁበት፣ መቼስ ሰው ነኝ። ግን አቀፍኩት።

"ለፀሐይ ምን ልበልልህ?"

"ደህና ነው በላት። የበሬውን ነገር አደራ፣ እንዳትነግራት።"

"ከጠየቀችኝ አልዋሽም።"

"እንግዲያው እንደናፈቀችኝም ንገራት።"

"እሱን መንገርም አያስፈልግም" አለኝ።

ጥቅምት 20 ቀን 1957

ዓመቱ ሞላ። የሰርግ ወሬ አልሰማሁም። ሰው ፊት አልጠይቅ ነገር... ዛሬም ሳልሰማ ዋልኩ።

ታኅሣሥ 30

መጥታለች! ለገና መጥታለች!

እናቷ እትዬ ውዴ፣ "ና እንኳን አደረሰሽ በላት" ብለው ላኩብኝ። አባቷ አልነበሩም። ገባሁ። ከስታለች፣ አምሮባታል። እኔ እንደ ግድግዳ ቆሜ ቀረሁ።

"አሊዪ ሁሉንም ነግሮኛል" አለች። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! "ኮትህን አውልቅና ዙር።"

"አንቺ! ነውር አታውቂም?" አሉ እትዬ ውዴ።

"እማዬ፣ ትምህርት ነው።"

ዞርኩ። ከአንገቴ ሥር ጉብ ካለችው አጥንት በታች ጀመረች። በሸሚዜ ላይ፣ በአንድ ጣት። አንድ... ሁለት... ሦስት... እትዬ ውዴ ሣቃቸውን በነጠላቸው አፈኑ። አሥር... አሥራ አንድ... "አሥራ ሁለት። አየህ? ከዚህ በታች ወገብ ነው። አሥራ ሦስተኛ የለህም።"

"ድገሚው እስቲ፣ ተሳስተሽ እንዳይሆን።"

ደገመችው። ቀስ ብላ።

"ሦስተኛ አልቆጥርልህም" አለች ስትጨርስ፤ ድምፅዋ ተለውጦ ነበር። "አባቴን እንደ ምንም ብዬ እስከ ሰኔ ለምኜዋለሁ። ከዚያ በኋላ ግን አይሰማኝም። አጥና።"

ጥር 4

ማክሰኞ። አውሮፕላኑ ወሰዳት።

ዛሬ ፈቃድ ስጠይቅ አክስቴን አልገደልኳትም። "ፀሐይን ልሸኝ ነው፤ አምና በጥቅምትም እሷን ስሸኝ ነው የጀርባው ትምህርት ያለፈኝ፤ መጽሐፉን ያሳዩኝ" አልኳቸው አቶ ኃይለየሱስን። ሳጥናቸውን ከፍተው መጽሐፉን ሰጡኝ።

"በርታ። ሰኔ ቅርብ ነው" አሉ።

ሥዕሉ ፊቴ ተዘርግቷል። አሥራ ሁለት፣ አምስት። አሁን ብሞት አልረሳውም። ጣቷ ያለፈበት ሁሉ ይታወቀኛል፤ ጋቢ ደርቤም ይታወቀኛል።

ሰኔ ለሳቸው ነው ቅርብ። ለእኔ ሩቅ ነው።