ክፍሉ የተማረበት ልብ

ኅዳር 4፣ ሰኞ ምሽት

ጠመኔ አለቀ። ድምፄም አብሮት አለቀ። ዛሬም የልብ ክፍሎች። የነርስነት ተማሪዎቼ ሁሉ እንደ ዳዊት ያነበንቡታል፦ ደም ከሰውነት ተመልሶ በቀኝ ይገባል፣ ወደ ሳንባ ይሄዳል፣ አየር ይዞ በግራ ይመለሳል፣ ከግራ ወደ መላ ሰውነት ይረጫል። ለምን ወደ ኋላ አይመለስም? ስላቸው ደብተር ያገላብጣሉ።

ቴዎድሮስ አደባባይን ሰሌዳው ላይ ሣልኩላቸው። መኪና ሁሉ በአንድ አቅጣጫ ይዞራል፤ በልብ በሮች ላይ ያለው ቫልቭ ተመላሹን የሚያግድ ትራፊክ ፖሊስ ነው፣ አልኩ። ግርማ የተባለው የአራዳ ልጅ እጁን አወጣ። ትራፊኩ ሻይ ሊጠጣ ከሄደስ? ክፍሉ ሳቀ። እኔም።

የልብ ማዳመጫው አንድ ነው፣ ተማሪው ክፍል ሙሉ። ስለዚህ እርስ በርስ ይለማመዳሉ። ሁሉም ግን የሚሰለፈው ዘነበች ጋ ነው፤ ከዶሮ ማነቂያ ሰፈር የምትመጣው ቀጭኗ ልጅ። የእሷ ልብ በነጭ ጋውኗ ላይ እንኳ ይሰማል። ስም አውጥተውላታል፦ ራዲዮ። «ራዲዮኗን ክፈቷት፣ ዜና አመለጠን!» ይላል ግርማ። «ተራ ያዙ፣ ባትሪዬን አትጨርሱብኝ» ትላለች እሷ፤ እየሳቀች ትቀመጥላቸዋለች።

ከዚያ የግዴታው የፖለቲካ ውይይት ክበብ። ዓይኔን ገልጬ ተኛሁ። ማስታወሻዬ፣ ስመረቅ አገር ምድሩን የማድን መስሎኝ ነበር። ይኸው ጠመኔ እየዋጥኩ ነው። ቢሆንም ነገ ሳንባን በሥዕል አደርገዋለሁ። ትልቅ ሥዕል፣ በቀለም።

ኅዳር 6፣ ረቡዕ

የመጀመሪያ ቀን ዋርድ፣ በሽተኞች የተኙበት ክፍል። እግሩ የተሰበረ ግንበኛ ሰጠኋቸው፤ ከእግሩ በቀር እንደ በሬ ጤነኛ። ግርማ ብዙ አዳመጠ። ግንባሩን ቋጠረ። ሲስተር፣ የሰውየው ልብ ይጎድለዋል፣ አለኝ። ምኑ? «ዱብ ካለ በኋላ ሽው ማለት ነበረበት። ሽውታው የለም።»

ተቆጣሁ። ሌላዋን ላክሁ። እሷም ሽውታው የለም። ሦስተኛውም እንዲሁ። ሰውየው ፊቱ አመድ መሰለ። «ኧረ ልጆች፣ ልቤን የት ጣልኩት ነው የምትሉት?»

ራሴ አዳመጥኩ። ዱብ ዳብ፣ ዱብ ዳብ። የጠራ። አይዞዎት፣ ልብዎ የሚያስቀና ነው፣ አልኩት። ኮሪደር ላይ ተማሪዎቹ ላይ ጮኽኩባቸው። ሽውታ የሚባል ነገር አላስተማርኩም። ከየት አመጡት?

የፒያሳን ዳገት ስወጣ ቆምኩ።  ሁሉም ልብ መስማት የለመዱት በአንድ ደረት ላይ ነው።

ኅዳር 7፣ ሐሙስ

ዘነበችን ብቻዋን አስቀረኋት። ማዳመጫውን ግራ ጡቷ ሥር አስቀመጥኩ። ዱብ፣ ሽውውው። ዱብ፣ ሽውውው። በር የማይገጥም ቤት ነፋስ ሲገባው እንደሚለው።

በልጅነቷ ጉሮሮዋን ደጋግሞ ያማት ነበር። እንጥሏን ቆረጡላት። ከዚያ ጉልበቷ፣ ክርኗ አብጦ ከረመ። ተሻላት፣ ተረሳ። የጉሮሮው ሕመም ግን ልቧ ላይ ቀርቶ ኖሯል። ት/ቤት ስትገባ የመረመሯት ዓይኗን ገልበው ክብደቷን መዝነው ብቻ ነው።

ነገርኳት። በግራ በኩል ያለው በር አይዘጋም፤ ደሙ እየተመለሰ ሳንባ ላይ ይጠራቀማል። በቃሏ የምታውቀው ነው። በቃል ማወቅና ስለራስ መስማት ግን ለየቅል ነው። የጋውኗን ቁልፍ ቆለፈች። ከዚያ እጄን ያዘች። «ሲስተር፣ በማርያም ይዤዎታለሁ። እንዳይናገሩብኝ።»

ደንቡን ሁለታችንም እናውቀዋለን። ሥር የሰደደ በሽታ ያለበት ተማሪ ይሰናበታል። እናቷ ሞታለች፤ ሁለት ታናናሾቿ የእሷን መመረቅ ነው የሚጠብቁት።

እሺ አልኩ። ምን ልበል? እሺ አልኩ።

ኅዳር 12፣ ማክሰኞ

ኅዳር ሲታጠን። ከማለዳ ጀምሮ ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን እያወጣ ያነዳል። በሽታን ለማባረር! የዶሮ ማነቂያ ጭስ ወደ ፒያሳ ሽቅብ ወጥቶ ክፍላችን ገባ። ስለ አተነፋፈስ ላስተምር ቆሜ ራሴ ሳልኩ። ዓይን ሁሉ ቀላ። ግርማ፣ ዛሬ ሳንባ በተግባር ነው፣ ይላል።

ዘነበች ዘግይታ መጣች። በሩ ላይ ክፈፉን ይዛ ቆመች። ከንፈሯ ጠቁሯል፤ ትከሻዋ ከትንፋሿ ጋር ይነሣል፣ ይወድቃል። ከቤቷ እስከ እኛ ያለውን ዳገት እየተቀመጠች ነው የወጣችው። ማንም አልቀለደም።

ወንበር ላይ ቀና አድርጌ አስቀመጥኳት። መስኮት ብከፍት ጭስ፣ ብዘጋ እፍን። ሲሻላት በጆሮዬ ነገረችኝ፤ ከክረምት ወዲህ ተጋድማ አትተኛም። ግድግዳ ተደግፋ ነው የምታነጋው። እህቷ፣ ጥናት አበዛሽ ትላታለች።

እኔ ደግሞ እሺ ብያታለሁ።

ኅዳር 13፣ ረቡዕ

ለምኜ የሆስፒታሉ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ስም ሳይጻፍ፣ በውለታ። ብዙ አዳመጠ። ቫልቩ ያፈሳል፤ አሁን መድኃኒት ከያዘችና በየወሩ ፔኒሲሊን ከተወጋች ብዙ ዓመት ትሠራለች፣ አለ። ካልሆነ ግን በሚቀጥለው ጉሮሮ ሕመም ይብስባታል። ከዚያ ብዕሩን አስቀመጠ። የናንተ ተመራቂዎች በዕጣ የሚመደቡት የት ነው?

የትም። መኪና የማይገባበት ጤና ጣቢያ፣ በእግር፣ በበቅሎ። ፔኒሲሊን አንዳንዴ የሚደርስበት፣ አንዳንዴ የማይደርስበት።

ደረጃው ላይ ተጣላን። እኔ፣ ለት/ቤቱ እንንገር፤ እሷ፣ አይሆንም። ተመርቄ እዚያው ብሞትስ፣ እስከዚያ ደመወዜ ለታናናሾቼ ይደርሳል፣ አለች። እንዲህ አይባልም አልኳት። አፈጠጠችብኝ። «ክፍሉ በሙሉ የተማረው በእኔ ልብ ነው። አሁን ልብሽ አይረባም ተብዬ ልባረር?»

ቀሪውን ደረጃ ለየብቻ ወረድን። 

ኅዳር 15፣ ዓርብ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

ሁለት ቀን አላናገረችኝም። ዛሬ ግርማ ማዳመጫውን ይዞ ወደ እሷ ሲሄድ ክንዱን ያዝኩ። ከዛሬ ጀምሮ በሌላ ሰው፣ አልኩ።  አየኝ፣ እሷን አየ፣ ማዳመጫውን ቀስ ብሎ አጠፈው። ልጁ ሞኝ አይደለም።

በጓሮ አልሄድባትም። ከክፍል ስትወጣ ጠብቄ ፊት ለፊት ነገርኳት፦ ቃሌን አፈርሳለሁ፤ ለት/ቤቱ ኃላፊ ለሲ/ር በላይነሽ እናገራለሁ። አልጮኸችም። «እንደ ታላቅ እህት አይቼዎት ነበር» ብላ ደረጃውን ወረደች። በየመታጠፊያው እየቆመች።

ደክሞኛል። ሲ/ር በላይነሽ ደንብ የሚያጠብቁ ሴት ናቸው፤ መጀመሪያ ደንቡን ነው የሚያወጡልኝ። ደንቡን የጻፈውም ሰው ነው፣ እላቸዋለሁ። ታማ ትማር፣ እየታከመች ትመረቅ፣ ምደባዋ ፔኒሲሊን ካለበት ከተማ ይሁን። እንቢ ካሉ ከበላያቸው ያለውን እጠይቃለሁ። ከእሱም በላይ ያለውን። ምናልባት እኔንም በቅሎ ብቻ ወደሚገባበት ጤና ጣቢያ ይልኩኝ ይሆናል። ይላኩኝ፤ ልቤ ጤነኛ ነው፣ ዳገት ይችላል።

እሷ ላታናግረኝ ትችላለች፣ ዕድሜ ልኳን። ሰኞ ጠዋት ሲ/ር በላይነሽ ቢሮ እገባለሁ። ትጥላኝ። በሕይወት ኖራ ትጥላኝ።