አንገት ላይ ቡሽ

ይድረስ ማዶ ላለኸው ጥላዬ፣ ለወንድም ጋሼ፤

እንደምን ከርመሃል? ያ ደረቅ ሳልህስ ለቀቀህ ወይስ አሁንም እትዬን እንቅልፍ ይነሳታል? እማዬስ እንዴት ናት? ጉልበቷ ተሻላት ወይስ እንደ ልማዷ ደረጃውን እየተቆጣች ነው የምትወጣው? ልጆቹስ? የማሙሽ ጥርስ ወለቀ ወይስ እስካሁን በምላሱ እያወዛወዘ ለጎረቤቱ ሁሉ ያሳያል? እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር ደህና ነኝ። ሆዴ ገፍቷል፤ ባለቤቴ ከሥራ ስትመጪ መጀመሪያ ሆድሽ ይገባል፣ አንቺ ቆይተሽ ትከተያለሽ እያለ ይቀልድብኛል። ጫማዬን የሚያስርልኝ እሱ ነው። ወደብ ላይ ጭነት ሲያስር ስለሚውል የእኔንም እግር እንደ ሣጥን ጠፍሮ ይለቀዋል።

ደህና ነኝ ያልኩህ የደብዳቤ ወግ ሆኖብኝ ነው እንጂ ደህናስ አይደለሁም። እባክህ ይህን ብቻህን ሆነህ አንብበው። እማዬ ምን አለች፣ ጮክ በል ብትልህም መጀመሪያ በዓይንህ ጨርሰው፤ ከዚያ የሚነገረውን አንተ ታውቃለህ። በስልክ እንዳልነግርህ የእናንተ ሰፈር ስልክ ያለው የመርከቧ ወኪል ቢሮ ውስጥ ነው፤ እሱ ደግሞ ሰው ሲያወራ ወረቀት የሚያገላብጥ መስሎ ጆሮውን ያቆማል። የምጽፍልህ ስለ መርከቧ ስለሆነ እሱ ፊት ልናገረው አልችልም።

እማዬ በታናሿ መርከብ ተሳፍራ እንዳትመጣ። ነገሬ ይኸው ነው፤ የቀረው ምክንያቱ ነው።

ባለፈው ደብዳቤህ እማዬ ልታርሰኝ ትኬቷን ቆርጣ፣ ሻንጣዋን አዘጋጅታ፣ የላኩላትን ቡሽ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ቀኑን እየጠበቀች እንደሆነ ጽፈህልኛል። ይህ ቡሽ አንዴ ከውሃ ወጥቷል፣ ሁለተኛ አይሰምጥም፤ እሱን ይዤ እንኳን ሐይቁን ሰማዩንም እሻገራለሁ አለች ብለህ ጽፈህ ነበር። ያኔ ሳነበው ሳቄ መጣ። አሁን ያንኑ ቦታ ደግሜ ሳነበው ብርድ ብርድ ይለኛል።

አንተ ለሰው ሁሉ እህቴ ሙዚየም ውስጥ ናት እያልክ ትኮራብኛለህ አሉ። እውነት ነው፣ ነኝ፤ ግን የእኔ ቦታ መውጫው ላይ ያለችው ሱቅ ናት። ትልቋ መርከብ የሰመጠች ጊዜ አንተ ጎረምሳ ነበርክ፣ እኔ ገና ከእማዬ ቀሚስ አልወጣሁም። ሙዚየሙ ከእሷ የተረፈውን ነው የሚያሳየው። መጀመሪያ ደወሏ አለ፣ ቀጥሎ ከዳርቻው የተለቀሙ ጫማዎች ተደርድረዋል፣ ቀጥሎ አንድ የነፍስ አድን ሰደርያ በመስታወት ውስጥ ቆሟል፣ መጨረሻ ላይ የሞቱት ሰዎች ስም የተጻፈበት ግድግዳ ነው። ሰው ከዚያ ግድግዳ ዓይኑን እየጠረገ ይወጣና እኔ ላይ ይደርሳል። ያን ጊዜ ባዶ እጁን መሄድ አይሆንለትም፤ አንድ ነገር መያዝ ይፈልጋል።

የምንሸጥለት ቡሽ ነው። ከትልቋ ሰደርያዎች ውስጥ የወጣውን ቡሽ እኔ በጣት ልክ እቆርጠዋለሁ፣ በወስፌ እበሳዋለሁ፣ በጋለ ብረት ትንሽ መርከብ እተኩስበታለሁ፣ በሲባጎ አንጠለጥለዋለሁ። ያኔ የዳኑት በዚህ ቡሽ ነውና ሰው የማይሰጠው ትርጉም የለም። ሾፌሩ መስታወቱ ላይ ይሰቅለዋል፣ እናት አልጋ ራስጌ ታስረዋለች፣ ሙሽራ ለሙሽራዋ ትወስዳለች። አንዱ ደግሞ ሐይቁን ካሸነፈ ሚስቴንም አያቅተው ይሆናል ብሎ ሁለት ገዛ። ከትልቋ የተረፉ አንድ ሽማግሌ አሉ፤ አልፎ አልፎ ይመጡና አንዱን አንስተው አሽትተው ይመልሱታል። ገዝተው አያውቁም። ባለፈው መጥተው አሸተቱና ይህ የእኛ አይደለም፣ ደለል ደለል አይልም አሉኝ። እርጅና ነው ብዬ አለፍኩት።

እውነትም የድሮው ቡሽ ጥቁር ነበር፣ እጅ ላይ ይፈረፈራል፣ የሐይቁ ሽታ ጨርሶ አይለቀውም። ካለፈው ክረምት ወዲህ የሚመጣው ጆንያ ግን ንጹሕ ነው፤ አለቃዬም እንዲያረጅ በሻይ ቅጠል ውሃ ዘፍዝፊው ትለኛለች። የትልቋ አልቆ ከሌላ ቦታ መግዛት ጀምራለች ማለት ነው ብዬ በሆዴ ሳቅኩ። ሰው ሐዘኑን ያስታግስበት እንጂ ከየትም ቢመጣ ምን ቸገረኝ አልኩ።

አንድ ቀን ስቆርጥ ቢላዋዬ ክር ያዘ። ቀይ ክር ነው፣ ከቡሹ ጎን ላይ ተቋጥሮ ቀርቷል። ወንድም ጋሼ፣ ጣቴ ከዓይኔ ቀድሞ አወቀው። ሁለት ጊዜ ዞሮ በራሱ ሆድ ውስጥ የሚገባው፣ ጫፉ በጥርስ የተቆረጠው የአባባ ቋጠሮ ነው። ከእኔና ከልጆቼ በቀር የሚፈታው የለም እያሉ እኔና አንተን ደጃፉ ላይ አስቀምጠው ያሽቀዳድሙን ነበር፤ የተሸነፈ የእሳቸውን እግር ያጥባል። ሁልጊዜ አጣቢዋ እኔ ነበርኩ።

መጀመሪያ የመጣብኝ ፍርሃት አይደለም፣ ደስታ ነው። ነፍሳቸውን ይማርልንና አባባ በር ከፍተው የገቡ መሰለኝ። ቡሹን ጉንጬ ላይ አድርጌ አለቀስኩ። ቆይቶ ነው የገባኝ። አባባ ዕድሜ ልካቸውን ሰደርያ የሰፉት ታናሿ ላይ ነው። ከትልቋ ካፒቴን ጋር እንደተኳረፉ አንድ ቀን እንኳ እግራቸውን ሳያስገቡባት ሰመጠች። ታዲያ የአባባ ቋጠሮ የትልቋ ቡሽ ላይ ምን ይሠራል?

ከትልቋ ወዲህ ሐይቁን የምታቋርጠው ታናሿ ብቻ መሆኗን ታውቃለህ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይላሉ፤ የእነዚህ ሁለት መርከቦች ግን አይደለም። ከአንድ ፋብሪካ፣ በአንድ ልክ፣ በአንድ ዓመት ወጡ። የሚለያዩት አንዷ ታች፣ አንዷ ላይ በመሆኗ ብቻ ነው።

ጆንያውን የሚያመጣው የታናሿ ዕቃ ቤት ጠባቂ ነው፤ አባባ ጡረታ ሲወጡ የተካቸው። ለሁሉም ነገር ግድየለም ስለሚል ስሙም ግድየለም ሆኖ ቀርቷል። ሲመጣ ወንበር ሰጠሁትና እንደ ቀልድ አድርጌ ይህ ቡሽ ከየት ነው አልኩት። አልደበቀኝም። ከታናሿ ሰደርያዎች ነው አለ። ታዲያ ሰደርያዎቹ ባዶ ሆኑ ወይ ስለው፣ ግድየለም፣ ገለባ ሞልተን መልሰን ሰፍተናቸዋል፣ ቅርጻቸውን አልለቀቁም አለኝ። ስንቱን ስለው የላይኛው ፎቅ አልቋል፣ አሁን ታችኛው ላይ ነን አለ። ሰው ቢፈልገውስ ስለው ሳቀብኝ፤ እኔ እስካሁን ሲንተራሱት እንጂ ሲለብሱት አላየሁም አለ። ይህን ሲለኝ የገዛ አንገቱ ላይ እኔ የበሳሁት ቡሽ ተንጠልጥሏል። አንተስ ለምን አሰርከው ስለው ደረቱን ዳበስ አድርጎ ምን ይታወቃል አለኝ።

ለአለቃዬ ነገርኳት። ክፉ ሴት እንዳትመስልህ፤ የባሏ ስም ግድግዳው ላይ አለ፣ ሙዚየሙንም ያቆመችው እሷ ናት። ክፋቷ አለመጠየቋ ነው። ሰምታኝ ስትጨርስ የሱቁን ጠረጴዛ በእጅጌዋ ጠረገችና ነፍሰ ጡር ብዙ ነገር ያሳስባታል፣ መቆሙም በዝቶብሻል አለችኝ። በማግስቱ ስመጣ የመቁረጫው ክፍል ተቆልፏል፤ እኔ መስታወት ወልዋይ ሆኛለሁ። የወደቡ ኃላፊ ዘንድም ሄድኩ። የቁልፉ ማንጠልጠያ የእኛው ቡሽ ነው፤ እያወራሁት በጣቱ ያሽከረክረዋል። ታናሿ በየዓመቱ ትመረመራለች፣ ሰደርያዎቹም አንድ በአንድ ይቆጠራሉ፣ አንድም አልጎደለም አለኝ። እውነቱን ነው፤ በቁጥር አልጎደለም።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል እሰማ ነበር፤ አሁን በዓይኔ እያየሁት ነው። የክረምቱ ነፋስ መነሻው ደርሷል፤ ማለዳ ማለዳ መስኮታችን ይንቀጠቀጣል። ባለቤቴ ታናሿን የጭነት ልኳን ከሚያሳየው የቀለም መስመር በላይ ነው የምንጭናት፣ ስትነሳ ወደ አንድ ጎኗ ዘንበል ትላለች ይላል። ትናንት ከሱቁ በር ላይ ቆሜ መንገደኞቹ ሲገቡ አየሁ። ሙዚየሙን ጎብኝተው የወጡት ሁሉ አንገታቸው ላይ ቡሽ አስረዋል፤ የሚጠብቃቸው ደግሞ ደረታቸው ላይ የሚታሰር ገለባ ነው። አንዲት እናት ልጇን አቅፋ፣ ልጁ ቡሹን እያኘከ አለፈች። ልጠራት አፌን ከፈትኩ፤ ምን ብዬ እንደምጠራት ግን አጣሁ። እስካሁን ይቆጨኛል።

አንድ ነገር አስቤ ነበር። በመስታወቱ ውስጥ ያለው ሰደርያ ሙሉ ነው፣ ቡሹ አልተነካም። ስለምወለውለው ቁልፉ እኔ ጋ ነው። ይዤው ልውጣና በዕቃ አስመስዬ ለእማዬ ልላክላት፣ እሱን ለብሳ ትምጣ አልኩ። ቁልፉን ሁሉ አስገብቼ ነበር። ከዚያ እማዬን አሰብኳት። ታውቃታለህ እኮ። ነገር ቢመጣ አውልቃ አጠገቧ ላለው የሰው ልጅ ታለብሰዋለች፤ አሥር ብልክላት አሥሩንም ታለብሳለች። ስለዚህ መልሼ ቆለፍኩት። እሷን የሚያድናት አለመሳፈሯ ብቻ ነው።

እንድትመጣ የለመንኳት እኔ ነኝ። አሁንም ሌላ ሰው እጄን ይዞኝ ልወልድ ሳስብ እፈራለሁ፣ አልዋሽህም። ግን ፈርቼም ቢሆን ብቻዬን እወልዳለሁ። ክረምቱ አልፎ የየብሱ መንገድ ሲከፈት ዞራ ትምጣ፤ ልጄ አያቱን ጨርሶ ከሚያጣት ዘግይቶ ቢያውቃት ይሻላል። እሺ አትልህም፤ ታለቅሳለች፣ የአንተ ልጅ ብትሆን ኖሮ አትሂጂ ትለኝ ነበር ወይ ትልሃለች፣ ልጄን ከለከልከኝ ትልሃለች። ቻላት።

ከደብዳቤው ጋር በጨርቅ የጠቀለልኩት አለ፤ የአባባ ቋጠሮ ከነቡሹ ነው። አትፍታው። ታናሿ እናንተ ወደብ ስታድር ከአባባ ጋር የሠሩትን ሽማግሌዎች ይዘህ ውጣባት። ቋጠሮውን አሳያቸው፤ ያውቁታል። ከዚያ ያገኛችሁትን ሰደርያ አንስታችሁ ጭመቁት። ቡሽ እጅን ይመልሳል፤ ገለባ ይንኮሻኮሻል። ከተንኮሻኮሸ ሰው ፊት ቅደደው። እኔን ነፍሰ ጡር ናት ብለው መለሱኝ፤ አንተን ግን ምን ብለው ይመልሱሃል? ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ የእማዬን ብቻ አይደለም፣ የዚያች ልጇን ያቀፈች ሴትም ነገር አደራ።

አንድ ነገር ልብ በል። ይህ ደብዳቤ የሚመጣልህ በራሷ በታናሿ ነው፤ ለጊዜው ሌላ መንገድ የለንም። እማዬ ይኸው በደህና መጣች አይደል፣ ምን ሆነች ትልሃለች። ወኪሉም እንዲሁ ይልሃል። ትልቋም እስከዚያች ቀን ድረስ ደብዳቤ ታደርስ ነበር።

ለእትዬ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ የሰፋችው የሕፃን ልብስ ደርሶኛል፣ ከእኔ ሆድ በቀር ሁሉም ነገር ይበቃዋል በላት። ትልቋን ልጅህን ሳምልኝ፤ ትምህርቷን ትበርታ። ማሙሽን ጥርሱ ከወለቀ ለእኔ ያስቀምጥልኝ በለው፤ ቡሽ ያላት አክስት ጥርስም ትሰበስባለች። ጓሮ ያሉትን አጎታችንን ጉልበታቸውን ሳምልኝ። ባለቤቴም ሁላችሁንም በያላችሁበት ሰላም ብሏል። እማዬን ደግሞ ሁለቱንም ጉንጯን፣ ጉልበቷንም ጭምር ሳምልኝ። አንገቷ ላይ ያለው ቡሽ ከየትኛው ጆንያ እንደወጣ አላስታውስም፤ ምናልባት አባባ ራሳቸው ለሰው ነፍስ ብለው የሰፉት ይሆናል። እሱን ተዉላት። ትኬቱን ግን ከእጇ ንጠቅልኝ።

እህትህ

ከወደቡ ጀርባ ካለችው ክፍላችን፣ ግንቦት 21 ቀን፣ ታናሿ ጭነቷን እየጨረሰች ሳለ