የእግሬ ነገር

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4፣ ጠዋት 1፡30
ዛሬም እግሬ ሦስት ቦታ ውኃ ቋጥሯል። ሁለቱ ተረከዜ ላይ፣ አንዱ አውራ ጣቴ ሥር። በመርፌ ውኃውን አፈሰስኩ፣ ፋሻ፣ ድርብ ካልሲ። ሙቀቱ ሊጀምር ነው፤ እንግዲህ እስከ ክረምት መቻል ነው። አራት ክ/ጊዜ ቆሜ አስተምራለሁ። ያውም ባዮሎጂ። ታዘብሽ፣ ደብተሬ?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5
አ.አ. ያደረግኩት የዘረመል ምርመራ ውጤት ደረሰ። ዶ/ሯ በስልክ አስረዳችኝ። ኬራቲን የሚባል ፕሮቲን የቆዳን ሴል ከውስጥ ይይዛል፣ እንደ ጭቃ ቤት ማገር። የእኔ ላይ አንዲት አሚኖ አሲድ በሌላ ተተክታለች። አንዲት ብቻ። በዚህች ምክንያት ቆዳዬ ሲፋተግ ይላቀቃል፣ ውኃ ይቋጥራል። በመነካካት አይተላለፍም። የምወልደው ልጅ ግን የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው።
የአባዬም እግር እንዲሁ ነው። ዕድሜ ልኩን ጫማ ጎዳኝ ሲል ኖረ። ቁምጥና እንዳይሉን ፈርቶ እኔንም በካልሲ አሳደገኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8
ሊያገባኝ የሚፈልገው የገመቹ ሽማግሎች መጡ። አባዬ የሸዋ አማራ ነው፣ ግን ኦሮምኛውን አሳምሮ ተቀበላቸው። እንደ ደንቡ እስከ ሰባት ቤት ዘር ተቆጠረ። ከዚያ የፈራሁት መጣ፤ በደም የሚወርድ በሽታ አለ ወይ? የለም አለ አባዬ። ማለ ደግሞ። መጋረጃው ጀርባ ሆኜ ሰማሁት። ተናደድኩበት፣ አሳዘነኝም። ገመቹ እኮ በሁለት ዓመት ፍቅራችን አንድ ቀን እንኳ እግሬን አላየም። ለመልሱ የዛሬ ሳምንት ይመለሳሉ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10
አላስችል አለኝ። ከት/ቤት በቀጥታ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር፣ እነገመቹ ቤት። እሱም እናቱ አዴ ጫልቱም ነበሩ። ካልሲዬን አወለቅኩ፣ የምወልዳቸው ልጆች ሊወርሱት እንደሚችሉም ሳላስቀር ነገርኳቸው። ገመቹን ከፋው። የከፋው በመደበቄ ነው እንጂ በእግሬ አይደለም አለኝ በኋላ። ይፈልገኛል። የአባዬን መሐላ ግን አባዬ ራሱ ያንሳው አለ።
አዴ ጫልቱ ጎንበስ ብለው አዩና፣ ሲ ዱኩባ አሉኝ፤ ያምሻል ወይ። እስከ ዛሬ ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። አለቀስኩ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11
ለአባዬ ነገርኩት። አዋረድሽኝ አለ። ምሳውን አልነካም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15፣ ጠዋት 3፡00
አባዬ እስካሁን አኩርፏል። ሽማግሎቹ ገብተዋል። እኔ ነጠላ ጫማ፣ ካልሲ የለም። እሱ ካልተናገረ እኔ እወጣና እናገራለሁ፤ ወስኛለሁ። በመጋረጃው ሥር እያየሁ እጽፋለሁ። አባዬ ስለ መሐላው ይቅርታ አለ። ጎንበስ አለ። የግራ ካልሲውን አወለቀ።