ሰማያዊ ታፔላ፣ ለሙሽራም ለሬሳም

ለክቡር አቶ ታክ
የቤን ዳው ቀበሌ ሊቀመንበር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ እንዲሁም በቢሮዎ በር ላይ ቆሞ ባለጉዳይ የሚመልሰው ጸሐፊዎ በሙሉ ጤንነት እንድትገኙ እመኛለሁ። የአያት ቅድመ አያቶችዎ መንፈስ ከክፉ ነገር ሁሉ ይጠብቅዎ፤ በተለይም በር ከመሳሳት። እኔ በመንገዳችን ላይ የሠርግ ጥሪ ካርድ፣ በራሪ ወረቀት፣ ታፔላና የእንኳን ደስ ያላችሁ አበባ ከነሪባኑ እየሠራሁ የምተዳደረው ንጋን፣ ምስጋና ለእርስዎ ይግባና፣ በሕይወት አለሁ። ሱቄን ግን ደንበኞቼ ካጡት ሰንብተዋል።

አንደኛ፤ ስለ ውበት ላመሰግንዎ እወዳለሁ። ከአዲስ ዓመታችን ከቴት በዓል ማግስት «ስልጡን ቀበሌ፣ ውብ ጎዳና» በሚለው መመሪያዎ የመንገዱን ታፔላ ሁሉ አስወርደው፣ በነፃ፣ አዎ በነፃ፣ ሁላችንንም አንድ ልክ፣ አንድ ሰማያዊ ቀለምና አንድ ነጭ ፊደል አልብሰውናል። የፎ ሾርባ ቤቷ፣ ጥርስ ሐኪሙ፣ ጎማ ጠጋኙ፣ እኔና ጎረቤቴ ሬሳ ሣጥንና የቀብር አበባ ሻጩ ጋሽ ቲን የደንብ ልብስ እንደለበሱ ተማሪዎች ተሰልፈናል። የቀበሌው መፈክር ከላይ በጉልህ ይነበባል፤ የእኛ ስም ከሥሩ፣ ዓይን ላለው። ይህን ሁሉ ታፔላ ያተመው ሰው የማን አማች ነው ብዬ አልጠይቅም፤ ምን ቆርጦኝ!

በዚህ ሙያ ፀጉሬ ሸብቷልና አንድ ነገር እንድናገር ይፍቀዱልኝ። ታፔላ የሚሠራው ተቀምጦ ለሚያነብ ሰው አይደለም። ልጁን ከፊት፣ ጎመኑን ከኋላ ጭኖ በሞተር ለሚያልፍ፣ አንዴ ቀና ብሎ ለሚያይ ሰው ነው። ያ ሰው በዚያች ቅጽበት ምን እንደምሸጥ ካላወቀ፣ የእኔ ደንበኛ አይደለም። ለዚህ ነበር የእኔ ታፔላ ደማቅ ቀይ ሆኖ ወርቃማው የሠርግ ምልክትና ጥንድ ዳክዬዎች የነበሩበት፤ ለዚህ ነበር የጋሽ ቲን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ቢጫ ጽሑፍ የነበረው። ሰው ቀዩን ሲያይ ይገባል፣ ጥቁሩን ሲያይ መንገድ ይሻገራል። በሃያ ዓመት ጉርብትናችን አንድም ሰው ተሳስቶ አያውቅም ነበር።

ሁለተኛ፤ ስለ እግረኛ መንገዱ። ደንብ አስከባሪዎችዎ የጋሽ ቲንን የማሳያ ሣጥን «ለዓይን አያምርም» ብለው ከደጃፋቸው ወደ ውስጥ አስገብተውታል፤ የእኔንም የካርድ ጠረጴዛ እንዲሁ። አሁን ከውጭ የሚታየው ሁለት ሰማያዊ ታፔላና ሁለት የመስታወት በር ብቻ ነው። እግረኛው በሰፊው ይራመዳል፤ የት እንደሚገባ ባያውቅም።

ሦስተኛ፤ ልጄ ናት። ክቡርነትዎ፣ ከዚህ በኋላ ጨዋነቴ ቢጎድል ይቅር ይበሉኝ፤ ይህን ስጽፍ ደሜ ይፈላል።

ልጄ ዲየፕ፣ ቶዋን የሚባል ጨዋ ልጅ ልታገባ በያዝነው ዓመት ቀን ተቆርጦላት ነበር። የጥሪ ካርዱን ራሷ ነደፈችው፤ እናት ስለሆንኩ አይደለም፣ ከእጄ እንዲህ ያለ ሥራ ወጥቶ አያውቅም። የቶዋን እናት ወይዘሮ ኩየን ከወንዙ ማዶ ነዋሪ ናቸው፤ ሱቄን ረግጠውት አያውቁም። ካርዱን በዓይናቸው አይተው ሊመርጡ፣ በአዲስ ጨረቃ፣ በወሩ የመጀመሪያ ቀን፣ ገና በማለዳው፣ አዲስ ልብሳቸውን ለብሰው መጡ። ሰማያዊ ታፔላ አዩ፤ ገቡ።

የእኛ አገር ሬሳ ሣጥን ቀይና ወርቃማ እንደሆነ እርስዎም ያውቃሉ። የጥሎሽ ሣጥንም ቀይና ወርቃማ ነው። ምስኪኗ ሴት ዓይናቸው ከውጭው ብርሃን ገና ሳይመለስ የሚያብረቀርቅ ነገር አዩና በእጃቸው እየዳበሱ «እሰይ! ለምራቴ የሚሆን ነው!» አሉ። ጋሽ ቲን ጆሯቸው ትንሽ ከበድ ይላል። እንደ ልማዳቸው እጃቸውን አጣምረው ተነሡና «ሐዘንዎ ሐዘኔ ነው፣ እመቤቴ። ቁመታቸው ምን ያህል ነበር?» ብለው ጠየቁ።

ወይዘሮ ኩየን ክው አሉ። ከዚያ ጩኸታቸውን ለቀቁት፤ ጥርስ ሐኪሙ እንኳ በሽተኛውን አፉን እንደከፈተ ጥሎት ወጣ። ጉዱ በዚህም አላበቃም። በጠዋት መጀመሪያ የገባው ገበያተኛ የቀኑን ገበያ ይወስናል፤ በወሩ የመጀመሪያ ቀን ከሆነ ደግሞ የወሩን። የጋሽ ቲን የወሩ የመጀመሪያ ገበያተኛ ምንም ሳትገዛ እየጮኸች ወጣች! እሳቸውም ምን ያድርጉ፣ እንደማንኛችንም ወረቀት አቀጣጥለው መጥፎውን ዕድል ከደጃፋቸው ማባረር ጀመሩ። ወይዘሮ ኩየን ዞር ሲሉ የሚያዩት ይህንን ነው።

«ጭራሽ በእሳት ያባርረኛል? ገፊ አደረገኝ እኮ!» አሉኝ በስልክ። «ልጅሽን እወዳታለሁ። ግን ለሠርግ ብዬ ወጥቼ ሬሳ ሣጥን ዳብሻለሁ። በዚህ እጄ ልጄን አልድርም።»

መጪው ዓመት ደግሞ፣ በልማዳችን፣ በዲየፕ ዕድሜ ላለች ልጅ ማግባት የማይቻልበት ክፉ ዓመት ነው፤ ካላመኑኝ እናትዎን ይጠይቁ። ከዚያ ወዲያ ማን ይጠብቃል? ልጄ ምግብ ሳትቀምስ፣ ያልታተመ ካርዷን ታቅፋ ተቀምጣለች። ጎዳናዎ ግን እጅግ ያምራል።

ሽማግሌ ልኬ፣ ለምኜ፣ አልቅሼ ወይዘሮ ኩየን በመጨረሻ ራሩልኝ። «የድሮው ቀይ ታፔላ ይሰቀል። በትክክለኛው በር፣ በመልካም ቀን፣ እንደገና ልግባ። የፊተኛው እንዳልነበረ ይሆናል» አሉ። መልካሙ ቀን የፊታችን ዓርብ ነው።

አራተኛ፤ ስለ ፈጣን አገልግሎትዎ። ለአንዲት ጠዋት ብቻ ታፔላዬን እንድሰቅል ላቀረብኩት ማመልከቻ ጸሐፊዎ «እህቴ፣ ላንቺ ከተፈቀደ ጎማ ጠጋኙም ሊሰቅል ነው» ብሎ ሳያነበው መልሶልኛል። በሱቄ በር ላይ የእጄን መዳፍ የምታክል ቀይ ወረቀት ብለጥፍ ግን ደንብ አስከባሪዎችዎ በማግስቱ፣ ወረቀቱን ነፋስ ከወሰደው በኋላ፣ ሊቀጡኝ ደረሱ። የቀጡት ጋሽ ቲንን ነው። በሩ ተመሳሰለባቸው! ሽማግሌው የቅጣት ወረቀቱን ይዘው «ምን አጠፋሁ፣ ልጄ?» ይሉኛል።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ በታላቅ ትሕትና የማስታውቅዎ ይህን ነው፤ ዓርብ ሲነጋ መሰላል ላይ ወጥቼ ቀዩን ታፔላዬን በገዛ እጄ እሰቅለዋለሁ። ፈቃድ አልጠይቅም፤ ጠይቄ አይቻለሁ። ይቅጡኝ፣ ይክሰሱኝ፣ ሱቄን ያሽጉት፤ ወይዘሮ ኩየን ደጃፌን ረግጠው እስኪገቡ ድረስ ግን ታፔላዬን የሚነካ ሰው ከእኔ ጋር ከመሰላሉ ይወርዳል።

ውብ በሆነው ጎዳናዎ ላይ፣ ከግራ አምስተኛው ሰማያዊ ታፔላ ሥር፣ ወይም ከስድስተኛው፣ እኔም አልፎ አልፎ ይምታታብኛል፣ በፍጹም አክብሮት እጅ የምነሳዎ፣

ንጋን፣ የዲየፕ እናት

ማሳሰቢያ፦ ቅዳሜ ቀበሌያችን የውብ ጎዳና ሽልማት ሲቀበል በአዳራሹ በር ላይ የሚቆም፣ ስምዎ በሪባን የታተመበት ትልቅ የአበባ ጉንጉን ከእኔ ዘንድ እንዲያዝ ቢሮዎ መልእክተኛ ልኮ ነበር። ጎበዙ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ የገባው ጋሽ ቲን ቤት ነው፤ ሙሉ ስምዎን ጽፎ ሰጥቶ ወጣ። ጋሽ ቲን ጉንጉኑን ሠርተው ጨርሰዋል። አበባው ነጭ፣ ሪባኑ ጥቁር ነው፤ ስምዎ ከነማዕረግዎ ከመንገድ ማዶ በሞተር ለሚያልፍ ሰው ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ጋሽ ቲን «ሊቀመንበሩ መቼ አረፉ?» ብለው ጠይቀውኛል፤ እስካሁን አልመለስኩላቸውም። ዓርብ ወይዘሮ ኩየን በቀዩ ታፔላ ሥር ከገቡ፣ ቀይ ሪባን በራሴ ወጪ አትሜ እለውጥልዎታለሁ። ታፔላዬ ከተነካ ግን ጉንጉኑ ቅዳሜ ጠዋት እንደታዘዘው ይደርስዎታል።