ማንም ሳይሞት የደረስንበት ለቅሶ

ሰኞ፣ ጥር 18 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ ሆሳዕና።
ጠዋት ሰባት ጆንያ ቡላ ወደ አዲስ አበባ ተጫነ። ሁለቱ እርጥበት ስለያዙ አስወርጄ አሰጣኋቸው። ከሆመቾ የሚጠበቀው ቅቤ አልመጣም።

ለማቴዎስ፣ ለልጆቼ አባት፤

የቀኑን ሥራ እዚህ ማስታወሻ ላይ ስጽፍ አጠገቤ ቁጭ ብለህ «ዛሬስ ማንን ገፈፍሽ?» ትለኝ ነበር። ከተለየኸን ክረምቱ ወጥቷል፣ መስቀል አልፏል፣ በጋውም ተጋምሷል። እኔ ግን መልሱን አዘጋጅቼ አሁንም ቀና እላለሁ።

ቤቱ ቆሟል። ምሕረት ከክፍሏ ሁለተኛ ወጥታ አንደኛ በወጣው ልጅ ላይ ቂም ይዛለች። የሳሙኤል እግር አድጎ ጥቁሩ ጫማህ ልኩ ሆኗል፤ እሁድ እሁድ ለቤተ ክርስቲያን ሲያደርገው አልከለከልኩትም። «ቅዳሜ አስተካክለዋለሁ» እያልክ ሁለት ክረምት ያሳለፍከውን የጣሪያ ቀዳዳ ሰው ጠርቼ አስደፈንኩት። ደመና ሲመጣ ባልዲ ፍለጋ መነሳቴን ግን አልተውኩም።

ዛሬ የምጽፍልህ ለብቻህ አይደለም። ሌላም ሰው ያንብበው ብዬ ነው። ስለዚያ በስልክህ ትገባበት ስለነበረው መድረክ ልነግርህ ነው፤ ሳትሰማው የቀረኸው ብዙ ነው።

አንተ ደብቀኸኝ አታውቅም። «እንደኔ የደከማቸው ሰዎች የሚጽናኑበት ነው» አልከኝ። እኔም በእኛ ልማድ ተረዳሁት። እዚህ አገር የደከመው ሰው የጸሎት ቡድን ይገባል፤ ሸክሙን ይናገራል፣ ሌላው እጁን ጭኖ ይጸልይለታል፣ ሲወጡም አንዱ ለአንዱ ዳቦ ይቆርሳል። ጠዋት ስልኩን ይዘህ ስታቀረቅር በስልክ የሚጸለይ ጸሎት መሰለኝ። ልጆቹን «አባታችሁ ከወንድሞች ጋር ነው፣ አትረብሹት» እል ነበር።

በለቅሶህ ሦስተኛ ቀን ስልክህ አላርፍ አለ። ድንኳኑ ሙሉ ሰው ነው፣ እሱ ግን ጉያዬ ውስጥ ይንጫጫል። የሚያስተዛዝኑ መስሎኝ ከፈትኩት። አንዱ «ተሳካለት ወይ?» ይላል። ሌላው የሻማ ሥዕል ለጥፎ «አረፈ፣ ታደለ» ብሏል። ሦስተኛው እንዴት እንደሆነ በዝርዝር እንዲነገረው ይለምናል፤ ልክ ሠርግ ያመለጠው ሰው ስለ ሙሽራዋ ልብስ እንደሚጠይቀው። እንዴት እንደሞትክ እዚህ አልጽፍም። እነዚያ የሚቋምጡት ለዚህ ነውና ከእኔ አያገኙትም። ያን ቀን የቀረበልኝን ምግብ መልሼ ሰጠሁ። ሰዎቹ ከሐዘን ብዛት መስሏቸው ነበር። አልነበረም፤ ያነበብኩት ነው የከለከለኝ።

ከለቅሶው በኋላ ከመጀመሪያው ጀምሬ አነበብኩት። አንተን የመሰሉት አላስጸየፉኝም፣ ይህን እወቅልኝ። ታመዋል፤ በታመሙበት ልክ ይጽፋሉ። እንዲያውም አንዱ «ወንድሜ፣ ስልኩን አስቀምጥና ለሚስትህ ንገራት፤ ዛሬውኑ ንገራት» ብሎህ ነበር። ያን ሰው ከመድረኩ አባረሩት። የአባላትን ነፃነት ደፍሯል ተባለ።

ያስጸየፈኝ ራሱን «ተጓዥ» ብሎ የሚጠራው ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ «እኔም መሄዴ ነው» ይላል፣ አይሄድም። ሰው ሲያመነታ ከች ይላል። አለሳልሶ፣ ወንድም ወንድም እያለ ያናግራል። ወዲያው ሌሎች ሦስት ስሞች ተከታትለው «እውነቱን ነው፣ እኛም ወስነናል» ይላሉ። እነሱም አይሄዱም። ይህን ዘዴ መናኸሪያ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ባዶ ሚኒባስ ውስጥ አስመሳይ ተሳፋሪ ያስቀምጡና «ሞልቷል! የቀረው የሁለት ሰው ነው!» ብለው ይጮኻሉ። የዋሁ መንገደኛ ሲገባ አስመሳዮቹ አንድ በአንድ ይወርዳሉ። የመናኸሪያው ወያላ ቢያንስ ለእንጀራው ነው። ይህኛው ምን እንደሚያገኝ እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ ብቻ ሰው ሲያልቅለት ማየት ይጥመዋል። እንዲህ ላለው ሰው ስም የማወጣበት ቃል አጥቼ ስልኩን አስቀምጬ እጄን በሳሙና ታጠብኩ።

አንተ ደግሞ ንግድ አታውቅም ነበር። ሆመቾ ለቅቤ የላክሁህን ቀን ታስታውሳለህ? ሴትየዋ የጠራችውን ዋጋ ሳትከራከር ከፍለህ መጣህ። «ለምን?» ስልህ «ደክሟት ነበር» አልክ። ከቅቤው ሥር ድንች ወጣ። አንተ ራስህ እስክታነባ ሳቅህ፤ እኔ ሳልስቅ ቆይቼ በኋላ ወጡን ሳማስል ብቻዬን ሳቅሁ። በደከመ ድምፅ የተናገረህን ሁሉ ታምን ነበር። ይህ ጥፋትህ አልነበረም። በጤናህ ጊዜ ተማሪዎችህ የወደዱህ በዚሁ ነበር፤ ታመህ ሳለህ ግን ያገኘህ ተጓዥ ሆነ።

እውነቱን የሚያውቁት ጥቂት ዘመዶች ምክንያቱን ይጠይቁኛል። ደሞዙ ነው ወይ፣ ከርእሰ መምህሩ ጋር ተጣልቶ ነው ወይ ይሉኛል። አንድ ምክንያት አልነገርኳቸውም፤ የለምና። ሕመም ነበር። ሕክምና አለው ይሉናል፤ እኛ እዚያ ሳንደርስ የመድረኩ ሰዎች ደረሱብህ።

ወደ ፖሊስ ሄድኩ። መኮንኑ ጨዋ ሰው ነው፣ ወንበር ስቦልኝ ሁሉንም ሰማኝ። መጨረሻ ላይ «እናቴ፣ ይህ ኢንተርኔት የሚባለው በየትኛው ቀበሌ ነው ያለው? መጥሪያውን የት ልላክ?» አለኝ። እያሾፈ አልነበረም።

ስልክህን ልዘጋው ወስኜ ሳለሁ ነው ባለፈው ሐሙስ ማታ አንዲት ልጅ ላንተ ለብቻህ የጻፈችው። መሞትህን አላወቀችም። «ጋሼ፣ አሁንም አለህ? ተጓዥ የኔ ተራ ነው ይለኛል። ከአንተ ሌላ የማናግረው የለኝም» ትላለች። ወደ ኋላ ሄጄ የተጻጻፋችሁትን አየሁ። አንተ ለራስህ ያላልከውን ሁሉ ለእሷ ብለሃታል፤ ብዪ፣ ተኚ፣ እናትሽን አናግሪ ብለሃታል። በዚያ ቆሻሻ መካከል ያገኘሁት ንጹሕ ነገር ይህ ብቻ ነበር።

እውነቱን ነገርኳት። ሚስቱ ነኝ፣ ማቴዎስ ሞቷል፣ አንቺ ግን እንድትኖሪ እፈልጋለሁ፣ የት እንዳለሽ ንገሪኝ አልኳት። መልስ አልሰጠችም። ደግሜ ደጋግሜ ጻፍኩ፤ ዝም አለች። ስሟን አላውቅም። የማውቀው ላንተ ከጻፈችው ላይ ዱራሜ አካባቢ መሆኗን፣ እናቷ ዝንጅብል እንደምትነግድ፣ ወንድሟ ደቡብ አፍሪካ መሄዱን፣ ቤታቸው ከወፍጮ ቤት ጎን ሆኖ የወፍጮው ድምፅ እንደሚረብሻት ነው። ለነጋዴ ይህ በቂ ነው። ዝንጅብል ለሚሰበስብ አንድ ደንበኛዬ ደወልኩ፤ ስልኩን ሳይዘጋ ቤቱን ነገረኝ። የእናትየዋን ስልክ ግን አያውቅም።

ከዚያ ወደ እትዬ ፋጡማ ቤት ሮጥኩ። የእድራችን ሰብሳቢ ናትና። ለሰፈሩ ልቡ ነው፣ ስኳሩ ነው ስል የቆየሁትን ትቼ ያን ጊዜ ነው እውነቱን የነገርኳት።  ከዚያ አንድ ነገር ጠየቅኋት፤ «እድራችን ሰው ሲሞት ይሄዳል። ሳይሞት መሄድን የሚከለክል ደንብ አለ?» አልኳት። አሰብ አድርጋ «ደንቡ ድረሱ ነው የሚለው። መቼ አይልም» አለችና ነጠላዋን አነሳች። «ግን አንቺ ልጅ፣ ቡላ ያዢ። ባዶ እጄን የሰው ቤት አልገባም።»

አራት ሴቶች ሆነን ሚኒባስ ኮንትራት ይዘን ገና ሳይነጋ ተነሳን። ፍጥነቱን ብቻ ነበር ያሰብነው። የዘነጋነውን የሚዘነጋ የዚህ አገር ሰው ይኖራል ብዬ አላምንም ነበር። ነጠላ የለበሱ፣ የማይታወቁ ሰዎች፣ ተሰብስበው፣ በማለዳ የሰው ደጅ ሲቆሙ ምን ማለት ነው? መርዶ ነው።

እናትየዋ በሩን ከፍታ አየችን።  «ልጄን! ልጄን በሉብኝ!» ብላ ራሷን መሬት ላይ ጣለች። ደቡብ አፍሪካ ያለው ልጇ የሞተ መስሏታል። እትዬ ፋጡማ የቡላውን ከረጢት እያውለበለበች «ኧረ ማንም አልሞተም! ቡላ ሻጮች ነን!» እያለች ትጮኻለች። ማን ይሰማታል? የወፍጮ ቤቱ ሰው ወጣ፣ ጎረቤት ወጣ፣ ገና ምንነቱን ሳያውቅ ሁሉም ያለቅሳል።

ልጅቷ ከውስጥ ወጣች። ቀጭን ናት፣ ከምሕረት ብዙ አትበልጥም። እናቷን ከመሬት ለማንሳት ታገለች፣ አቃታት፣ አጠገቧ ተንበርክካ አቀፈቻት። ከእናቷ ትከሻ በላይ ቀና ብላ ስታየኝ ደጋግሜ የጻፍኩላት እኔ መሆኔ ገባት። ፊቷ ላይ ያየሁትን ልገልጸው አልችልም። ልጅ ሲሞትባት እናቷ ምን እንደምትሆን በዓይኗ እያየች ነበር። ተጓዥ ይህን አልነገራትም፤ «ይረሱሻል፣ ይገላገሉሻል» ነበር ያላት።

እናትየዋ ማንም አለመሞቱን ስትረዳ ዓይኗን ጠርጋ ወደ እኛ ዞረች። «ታዲያ በጠዋት ምን ቆርጧችሁ ነው ሰው የምትገድሉት?» አለች። እውነቷን ነው።  ልጅቷ ግን «እማዬ፣ ለእኔ ነው የመጡት» አለቻት።

ያን ቀን እንደ ለቅሶ ቤት ተቀመጥን። ቡላው ተገነፋ። ማንም «አይዞሽ፣ ይለፍልሽ» ብሎ አላለፈም፤ ልጅቷ ስታወራ ሰማን፣ ዝም ስትል ዝም አልን። እናትየዋ በካምባትኛ ስታነጋግራት ግማሹ ባይገባኝም፣ እጇን ከእጇ አላላቀቀችም። ማታ ስንሄድ የእነሱ ሰፈር ሴቶች ተራ ገቡ። ሐዘንተኛን ብቻውን ማሳደር እንደ ነውር በሚቆጠርበት አገር፣ ይህን ያህል ያዘነ ሰው ከስልክ ጋር ብቻውን እናሳድር ነበር።

ዳነች ብዬ አልዋሽህም። መድረኩን ከስልኳ አጥፍታ እንደገና መልሳዋለች፤ ራሷ ነገረችኝ። ተጓዥ ደግሞ ለእኔ ጻፈልኝ። «የሰውን ምርጫ የማታከብሪ ጨካኝ ነሽ» አለኝ። መልስ ልጽፍለት ጀምሬ ተውኩት። እበት ላይ ድንጋይ የሚወረውር የሚያቆሽሸው ልብሱን ነው። እሱ የጻፈውን ሁሉ ግን አስቀምጬዋለሁ፤ ኢንተርኔት የየትኛው ቀበሌ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው እስካገኝ እጠይቃለሁ።

ማቴዬ፣ አልረሳህም። የምረሳህ መስሎህ ከነበረ ያ ሰው የነገረህን አምነህ ነው። ምሕረትና ሳሙኤል ሲጠይቁኝ ልቡ ነው፣ ስኳሩ ነው አልላቸውም። አባታችሁ ታሞ ነበር፣ ታሞም ሳለ አንዲት የማያውቃትን ልጅ ብዪ፣ ተኚ ይላት ነበር እላቸዋለሁ። ድንቹንም እነግራቸዋለሁ።

ነገ ማክሰኞ። ከዱራሜ የሚነሳው የመጀመሪያ ሚኒባስ ሲደርስ መናኸሪያ መገኘት። ልጅቷንና እናቷን ተቀብሎ ሆስፒታል፣ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ማድረስ፤ ካርድ ማውጣት፤ እስኪጨርሱ አብሮ መቀመጥ። ለመድረቅ የተሰጡት ሁለት ጆንያዎች እስከ ከሰዓት ይቆያሉ።