ኦሊንዳ መቃብር አገኘች

ይድረስ ለተከበሩት ወንድም ጋሼ ናታሊኖ፣ ዳርዊን።

ጤናዎ እንደምን ነው? የባለቤትዎ ወገብስ ተሻላት? ልጆቹስ ቋንቋችንን ጨርሰው ረሱት ወይስ ትንሽ ተርፏቸዋል? እኔም እማማም ፍየሎቹም ደህና ነን፤ ደህና ያልሆነው ሆዴ ነው። ቅናት ይዞኛል። ለባሌ ወንድም ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ?

ኦሊንዳን ያስታውሷታል፤ ከወንድምዎ ከአናክሌቶ ጋር ጫካ ገብቶ በአንድ ቀን የወደቀው የሲፕሪያኖ ሚስት። ከሉን አብረን ነው የለበስነው። አምና የድሮ ታጋዮች ማቴቢያን ተራራ ላይ ቆፍረው የአንድ ሰው አጥንት አገኙ፤ ኦሊንዳ በእጇ የሸመነችው መቀነት አብሮት ነበር። እኔም ሮጬ ሄጄ አየሁ። የጭኑ አጥንት ረጅም ነው፤ የእኛን ሰው ደግሞ ያውቁታል፣ ጫማ አድርጎ እንኳ ከእኔ አይበልጥም ነበር። የእሱ እንዳልሆነ እያየሁ «ደህና አድርጋችሁ ፈትሹ እንጂ!» ብዬ ጮህኩባቸው።

ቀበረችው። ዘንድሮ ዓመቱ ሲሞላ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጎሽ ታርዶ፣ ተጨፍሮ ከሏን አወለቀች። በማግስቱ ቢጫ ሸሚዝ ለብሳ ገበያ ወጣች። ቢጫ!

አገሩ ሌላ ሆኗል፣ ወንድም ጋሼ። የተቃጠለው ትምህርት ቤት አዲስ ቆርቆሮ ለብሷል፤ ልጆቹ በፖርቱጋልኛ ይቆጥራሉ፤ ኢንዶኔዢያ ትገዛን በነበረ ጊዜ በኢንዶኔዢያኛ ተምረው የጨረሱት ወጣቶች ግን ሥራ አጥተው መንገድ ዳር ዶሮ ያዋጋሉ። ሴቶች በመንደሩ ስብሰባ ቆመው ይናገራሉ፤ ኦሊንዳም ተመረጠች። እኔ እጄን ባወጣ ሽማግሌዎቹ «አንቺ ገና ሐዘን ላይ ነሽ፣ አርፈሽ ተቀመጪ» አሉኝ። ነፃ ወጥተን ባንዲራችን የተሰቀለ ቀን ሰው ሁሉ ሲጨፍር ከአጥር ኋላ ሆነን ያየነው ሁለታችን ነበርን። አሁን ከአጥሩ ኋላ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ከትናንት በስቲያ የሙታን ቀን ነበር። ኦሊንዳ በመቃብሩ ላይ አበባ በትና፣ ሻማ አብርታ፣ እንደ ቤት እመቤት ቁጭ ብላ ሰው ታስተናግዳለች። እኔ መቃብር የሌለን ሁሉ በምንሄድበት በትልቁ መስቀል ሥር አበባዬን አኖርኩ፤ ወዲያው አንዷ የራሷን ከላዩ ከመረችበት። የእኔ የትኛው እንደሆነ ጠፋኝ። ያን ጊዜ ደሜ ፈላ፤ ሄጄ «አንቺስ ታድለሻል!» አልኳት። ባሏን ለቀበረች ሴት! እሷ ግን «አንቺ እብድ፣ እስከ መቼ በር በር እያየሽ ትኖሪያለሽ?» ብላ እቅፍ አደረገችኝ።

አጥንቱ ለጠፋ ሰው ከወደቀበት ቦታ ድንጋይ አምጥቶ የመቅበር ልማድ እንዳለን እኔም አውቃለሁ። እምቢ ስል የኖርኩት ድንጋዩ ከተቀበረ አናክሌቶ አይመለስም ብዬ ነው። ትናንት ግን ከኦሊንዳ ጋር ወደ ተራራው ወጣን። ድንጋይ ስመርጥ «ትንሹን ያዢ፣ ማን ይሸከምልሻል?» ብትለኝ «ባሌ እኮ ቀላል ሰው አልነበረም» አልኳት። እየሳቅን፣ እያለቀስን፣ እየተፈራረቅን ተሸክመን ወረድን። አሁንም እቀናባታለሁ፤ አልዋሽዎትም።

ድንጋዩን ወደ ጉድጓዱ የሚያወርደው የቤቱ ወንድ ነው፤ ከቤቱ ወንዶች የቀሩት ደግሞ እርስዎ ብቻ ነዎት። እማማ ድንጋዩን አልጋዬ ላይ አስተኝተው የልጃቸውን ብርድ ልብስ አልብሰውታል። እኔ ከአጠገቡ መሬት ላይ ነው የምተኛው። ወንድም ጋሼ፣ ይምጡና ባሌን ይቅበሩልኝ።

ለባለቤትዎ ለኤስፔራንሳ ሰላምታዬ ይድረስልኝ፤ ከሉን ሳወልቅ የምለብሰውን ቀሚስ በእጅዎ ትላክልኝ፣ ቀለሙን እሷ ትምረጥ። ሲልቬሪዮንና ትንሿን ማዳሌናን ጉንጫቸውን ይሳሙልኝ። እማማም ሰላም የሚሉዎት በሩቅ ሊመርቁዎት ሳይሆን፣ «ቶሎ ይምጣ» ለማለት ነው።

የወንድምዎ ሚስት ሄርሚኒያ
ከማቴቢያን ሥር፣ ባውካው
ኖቬምበር 4 ቀን 2003